ከመናኸሪያው ሰዓት ሥር

«መቀስ፣ አንድ፣ ያረጀ» እያለ የሙዚየሙ ዘበኛ ጮክ ብሎ ጻፈ።

«ኧረ ጋሼ፣ የሥራ መቀሴ ነው!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ይሁና። እዚህ ያለው ሁሉ የሆነ ሰው የሥራ ዕቃ ነበር።» ከመዝገቡ ቀና አላለም። «የማን ዘመን ነው?»

«የኔ ዘመን! የዛሬ! አሁን ልሠራበት ይዤው የመጣሁት ነው!»

«ዘመኑ... በውል... የማይታወቅ» ብሎ ጨረሰና ከመሳቢያው ክር ያለው ትንሽ ካርቶን አውጥቶ በመቀሱ ጆሮ ላይ አሰረ። ቁጥር ስድሳ ሦስት።

በዘበኛው አይፈረድም። አለቃው የሰጠችው ትእዛዝ ሁለት ናት፤ ሳይመዘገብ የሚገባ ዕቃ የለም፣ ያለ ወረቀት የሚወጣ ዕቃ የለም። የሰፈሩ ሙዚየም ለፋብሪካው ዘመን ኤግዚቢሽን «ከየቤቱ አንድ ዕቃ» ብሎ ከጠራ ወዲህ፣ ሰዉ የእናቱን የከሰል ካውያ፣ የአያቱን ፋኖስ፣ የአጎቱን ፊሽካ እየያዘ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጎርፍ፣ እሱ የገባውን ሁሉ ቁጥር ሲያንጠለጥልበት ከረመ። ባለፈው ማክሰኞ አምፖል ሊቀይር የመጣው ኤሌክትሪሻን መሰላሉን ይዞ መውጣት አቅቶት ባዶ እጁን ነው የሄደው። መሰላሉ እስከ ዛሬ በሁለት አሮጌ ሣጥኖች መሀል ቁጥር ሃምሳ ስምንት ሆኖ ቆሟል።

ልብስ ሰፊዋ ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ዘበኛውን ራሱን ቁጥር ሳታስርበት አትገባም ነበር። ሰፈሩ መርፌ የሚላት ስለቀጠነች ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሷን የቀመሱ ግን ሌላ ምክንያት ያውቃሉ። ያን ቀን ግን ቸኩላለች። ኤግዚቢሽኑ የሚከፈተው በማግሥቱ ጠዋት በአራት ሰዓት ነው፤ እሷ ደግሞ ለአምስቱ የሰው ቁመት ያላቸው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች የሰፋችውን የድሮ የፋብሪካ ሠራተኛ ኮት አልብሳ፣ እጅጌያቸውን በልካቸው አጥፋ መጨረስ አለባት። ዘበኛው ያላየው፣ በወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ በቦርሳዋ አለ፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል ብላ መቀሱን ለዘበኛውና ለታሪክ ትታ ገባች።

ሙዚየሙ የፋብሪካው የጥጥ መጋዘን የነበረው ቤት ነው። ጣሪያው ሩቅ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ። አሻንጉሊቶቹ ከአንድ የተዘጋ ልብስ መሸጫ በልመና የመጡ ናቸው፤ የሁለቱ አፍንጫ ተሸርፏል፣ አንዷ እንዲያውም ሴት ነበረች፤ ጢም ስለው ለወንዶቹ ደባልቀዋታል። ከአዳራሹ መሀል በቀይ ጨርቅ ላይ የተቀመጠው ግን ትልቁ ዕቃ ነው፤ የቦዩ በር የሚዘጋበት የብረት መዘውር። ከፊቱ ያለው ካርድ እንዲህ ይላል፤ «የቦዩ ጠባቂ በጎርፉ ቀን ብቻውን ለአንድ ሰዓት አዙሮ የታችኛውን ሰፈር ከጥፋት ያዳነበት።»

ያ የቦይ ጠባቂ የመርፌ አባት ነው።

ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው በሰፈሩ ውስጥ ቢፈለግ ትናንት የተወለደ ብቻ ነው። የዛሬ አርባ አንድ ዓመት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በላይኛው አገር የጣለው ዝናብ ቦዩን ሞልቶ መጣ። የፋብሪካው ሳይረን ጮኸ። ከማቅለሚያ ቤቱ ሠራተኞች ሦስቱ ሞቱ፤ ታች ግን በየቤቱ የነበረው ሕዝብ ተረፈ፣ በሩ ስለተዘጋ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውዬው ጋሽ መዘውር ሆኑ። ሠርግ ላይ የፊት ወንበር የሳቸው ነው፣ ለቅሶ ላይ የፊት ወንበር የሳቸው ነው። የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ እሳቸው ናቸው። ሴት ልጃቸውም ብትሆን ምላሷ እንዲያ ስለት ሆኖ ሰው የሚታገሣት፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ስለ አባቷ ሲባል ነው።

አንዲት ሴት ብቻ አሉ ይህን ታሪክ ያልዋጡ፤ በማቅለሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርተው እጃቸው እስከ ክርን ሰማያዊ ሆኖ ስለነበር እማማ ሰማያዊ የሚባሉት። ከሦስቱ ሟቾች አንዱ ወንድማቸው ነው። «መዘውሩን ያዞረው የኔ ወንድም ነው» ይላሉ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ። «ያ ሰውዬ ሥራው ላይ አልነበረም። ወንድሜ በሩ ክፍት መሆኑን አይቶ ሮጠ። ሬሳው የተገኘው ከማቅለሚያ ቤቱ በላይ፣ በሩ ሥር ነው እንጂ ማቅለሚያ ቤት አይደለም።» ሰዎች ውሃ ወስዶት ይሆናል ሲሏቸው አንድ መልስ አላቸው፤ «ውሃ ሽቅብ ይሄዳል እንዴ?» ሰዉም ኀዘን ነው፣ ምን ይደረጋል ብሎ ያልፋቸዋል።

መርፌ ሦስተኛውን አሻንጉሊት አልብሳ ኮሌታውን ስታቃና ነው ቀና ያለችው። ከፊቷ ያለው ግድግዳ ላይ ጠረጴዛ የሚያክል ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ጥቁርና ነጭ ነው። አምስት ወንዶች የፋብሪካውን ኮት ለብሰው፣ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ይስቃሉ። ከላያቸው ቁጥር የሌለው፣ በቁጥር ፈንታ ጭረት ብቻ ያለው ክብ የግድግዳ ሰዓት አለ።

አራተኛው ሰውዬ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ተተከለ።

ጢም አለው፤ ጸጉሩ ደግሞ የዛሬውን ራሰ በራ አይቶ ማንም አያምነውም። ግን ያ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ የሚስቀው ሳቅ... ዛሬም ጠዋት ሻይ ስታቀርብለት አይታዋለች። አንድ ነገር ግን አልገጠመላትም። የአባቷ ቀኝ ትከሻ ከግራው ዝቅ ያለ ነው፤ ለሠላሳ ዓመት በኮቱ ቀኝ በኩል ስፖንጅ እየጨመረች ስታስተካክል የኖረችው እሷ ናት። የፎቶው ሰውዬ ዝቅ ያለው በግራ ነው። «እሱ አይደለም» አለች በሆዷ። እንደገና አየችው። እሱ ነው። ከፊቱ ጋር ማን ይከራከራል? እኔ ነኝ የማላስታውሰው ብላ ትከሻውን ተወችው።

«ያምራል አይደል እትዬ?» የሙዚየሙ ኃላፊ ከኋላዋ መጣች፤ መነጽሯ ግንባሯ ላይ ተሰቅሎ መነጽሯን የምትፈልግ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ። «የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሲሞቱ ልጆቻቸው የፊልሙን ሣጥን ሰጡን። እኔው ራሴ ነኝ ያሳተምኩት። በድሮው አውቶቡስ መናኸሪያ የተነሳ ነው፤ አሁን የፈረሰው፣ ከቦዩ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬደው። ፖስታው ላይ ቀን ተጽፎበታል፤ ሲያዩት ይደነግጣሉ።»

«የምን ቀን?»

«የጎርፉ ቀን!»

የመርፌ ዓይን ወደ ሰዓቱ ወጣ። አጭሩ እጅ ስምንትን አልፏል፣ ረጅሙ አራት ላይ ነው። ስምንት ከሃያ። ሳይረኑ ከጮኸ ሃያ ደቂቃ በኋላ። መዘውሩን ሲያዞር ነበር በተባለበት ሰዓት አባቷ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ሰው አቅፎ እየሳቀ ነው።

«ሰዎቹን... አወቃችኋቸው?»

«ገና ነን። ለዚህ እኮ ነው የነገው ዝግጅት!» ልጅቷ ከፎቶው ሥር የተደረደሩትን ነጫጭ ወረቀቶች አሳየቻት። ከላይ «ፊቱን ያወቀ ስሙን ይጻፍልን» ይላል። «ሽማግሌዎቹ በአራት ሰዓት ይመጣሉ። ያወቁትን ይጽፉና ከሥሩ እንለጥፋለን፤ ከዚያ አባትዎ ከመዘውሩ አጠገብ ተቀምጠው ታሪኩን ያወራሉ። ደግሞ የፋብሪካውን ሰው ፊት የማይረሱ አንዲት እናት አሉ አሉኝ፤ እሳቸው የመጀመሪያዋ ተጋባዥ ናቸው።»

የትኛዋ እናት እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ልጅቷ ዞር ስትል ጢም የተሳለባትን አሻንጉሊት በወገቧ አቅፋ ጎትታ ከአራተኛው ሰውዬ ፊት ገተረቻት። ልጅቷ ተመልሳ፣ «ፎቶውን ጋረደችው» ብላ አሻንጉሊቷን ወደ ቦታዋ መለሰቻት። መርፌ ሁለተኛ ገተረቻት። ሁለተኛ ተመለሰች። አሻንጉሊቷ ሰው ብትሆን ለሁለቱም ትበቃቸው ነበር።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ...» አለች ልጅቷ እየፈራች፤ መርፌን ሁሉም ፈርቶ ነው የሚያናግራት። «የኮቶቹ ቁልፍ ከፎቶው ጋር አይገጥምም። ፎቶው ላይ ቀኙ በግራው ላይ ነው የተደረበው፤ የርስዎ ተገላብጧል።»

«እሺ ልጄ። ነገ ጠዋት መጥቼ አስተካክላለሁ።»

መርፌን ስለ ስፌት አስተምሮ «እሺ ልጄ» ያገኘ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። የሚያውቃት ጎረቤት በቦታው ቢኖር ሐኪም ይጠራ ነበር።

ስትወጣ ዘበኛው በር ላይ ቦርሳዋን ከፈተ።

«ጋሼ፣ አንድ ዕቃ ተበላሽቶ ቢወጣ... ማለቴ፣ አንድ የተሰቀለ ነገር...»

«የተበላሸ ከሆነ ወረቀቱ ሁለት ነው» አለ ዘበኛው።

ቤት ስትደርስ ጀምበር ገና አልጠለቀችም። አባቷ የነገውን ኮት ለብሶ በመስታወቱ ፊት ቆሟል፤ ጫማውን ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጠርጎታል። «ትከሻዬ እንዴት ነው?» አላት።

ቀኙን ጫን ጫን አድርጋ ስፖንጁን አቃናች። አዎ፣ ዝቅ ያለው ቀኙ ነው። የአባቷን ቀኝ እጅ ይዛ ገለበጠችው። መዳፉ ላይ ያ የተጨማደደ ጠባሳ አለ፤ ልጅ ሆና ለጓደኞቿ በኩራት የምታሳየው፣ መዘውሩ ቆዳውን የገፈፈበት። ጠባሳ ግን ስም አይጻፍበትም፤ ገመድም ይገፍፋል፣ የፈላ ውሃም ይገፍፋል። እንዲህ ብላ ማሰቧ ራሱ አስደነገጣት። አባቷን በሃምሳ ዓመቷ መጠርጠር ጀመረች።

«አባዬ፣ የድሮው መናኸሪያ ትሄድ ነበር?»

«ማን የማይሄድ ነበር? ሰው መሸኘት፣ ሰው መቀበል...»

«በጎርፉ ቀንስ?»

አባቷ በመስታወቱ ውስጥ አያት። ረጅም ጊዜ አያት። «ያን ቀን ተራዬ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ነበር» አለ።

«መናኸሪያው ትልቅ ሰዓት ነበረው አይደል?»

«ያ ሰዓት!» ሽማግሌው ድንገት ሳቅ አፈነው፤ አንገቱን ሰበር፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ ልክ እንደ ፎቶው። «ያ ሰዓት እኮ ልጄ—»

«ተወው አባዬ፣ አትንቀሳቀስ፣ ልወጋህ ነው» አለች። እጇ ላይ መርፌ አልነበረም። መስማት ፈርታ ነው። ሰው የሚፈራውን ነገር ገና ከበር እያለ ነው የሚያባርረው። ሽማግሌውም ትከሻውን ቀጥ አድርጎ ቆመ።

ጠዋት በሦስት ሰዓት ሙዚየሙ በር ላይ ነበረች። ሌሊቱን ሙሉ ያሰላሰለችው ሁለት መንገድ ነው። ፎቶውን አውርዳ መደበቅ አትችልም፤ በጉያ የሚገባ አይደለም፣ ዘበኛው ደግሞ አለ። የቀረው ምላጩ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጫር ማድረግ፤ «አሻንጉሊቷ ወድቃ ጫረችው» ይባላል። ሟች የለበትም፣ ከሳሽ የለበትም። ፊት የሌለውን ሰው እማማ ሰማያዊ ምን ብለው ይጽፉታል?

ኃላፊዋ ውጭ ወንበር ታስደረድራለች፤ አንድ ሰውዬ በድምፅ ማጉያው «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» እያለ ሦስት ላይ ሳይደርስ ይደጋግማል። አዳራሹ ባዶ ነው። መቀሷ በመስታወት ሣጥን ውስጥ በፋኖስና በፊሽካ መሀል ተጋድሟል፤ ከሥሩ «የልብስ ስፌት መሣሪያ፣ ዘመኑ በውል የማይታወቅ» ይላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳቅ ይገድላት ነበር።

ከፎቶው ፊት ቆማ ምላጩን ከወረቀቱ አወጣች። እጇን ወደ አራተኛው ሰውዬ ፊት ሰደደች።

ወረቀት ነው አለች፤ ወረቀት ነው፣ ቀለም ነው። ግን አባቷ ይስቅባታል። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው በዚያ ፎቶ፤ ከሷ በአሥራ ሁለት ዓመት ያንሳል። ታናሽ ወንድሜ በሚሆን ሰውዬ ፊት ላይ ምላጭ አነሳሁ እንዴ አለች። ምላጩ ጉንጩ ላይ ሊያርፍ የጣት ስፋት ሲቀረው፣

«አንቺ የመዘውር ልጅ፣ እዚያ ምን ትዳብሻለሽ?»

መርፌ ዞር ሳትል ከአሻንጉሊቷ እግር ሥር ቁጭ አለች። «ቁልፍ... ቁልፍ ላስተካክል ነው፣ እማማ።»

እማማ ሰማያዊ ከዘራቸውን እያንኳኩ ገቡ። ከኋላቸው ኃላፊዋ፣ ከሷ ኋላ ሰዉ። ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶች፣ የጫማ ሰፊው ቤተሰብ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ከነሽርጧ። ከሁሉ መጨረሻ አባቷ፤ በሁለት ሰው ተደግፎ መጥቶ ከመዘውሩ አጠገብ በክብር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሰዉ አጨበጨበለት። መርፌ ጭብጨባውን ስትሰማ ማልቀስ ቃጣት። የመጨረሻው ጭብጨባ ይሆናል አለች።

እማማ ሰማያዊ አፍንጫቸው ፎቶውን እስኪነካ ተጠጉ። ኃላፊዋ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ አጠገባቸው ቆመች።

«ይሄ ሾፌሩ ነው። ሞቷል። ይሄ የመጋዘኑ ጸሐፊ፤ ሰው ሊሆን ነበር፣ መጠጥ ወሰደው። ይሄኛው ያ ሠርጉን ጥሎ የጠፋው ነው፤ ጻፊው፣ ሠርጉንም ጻፊው።» ሰዉ ሳቀ። ጣታቸው ወደ አራተኛው ሄደ። ቆመ።

መርፌ ምላጩን በመጀመሪያው ቁልፍ ክር ሥር አግብታለች። አትቆርጥም፣ አታወጣም።

«ፖስታው ላይ ቀኑ መቼ ይላል ነበር ያልሽኝ?» አሉ እማማ ሰማያዊ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

ኃላፊዋ ነገረቻቸው።

«ሰዓቱስ? ዓይኔ እዚያ አይደርስም።»

«ስምንት ከሃያ» አለች ልጅቷ፣ ምን እያለች እንደሆነ ገና አሁን እየገባት።

«ስምንት ከሃያ።» አሮጊቷ ቀስ ብለው ዞሩ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። «ስምንት ከሃያ ላይ ወንድሜ ውሃ ውስጥ ነበር።» ዓይናቸው በሰዉ መሀል አልፎ ወንበሩ ላይ ካለው ሽማግሌ ላይ አረፈ። «አንተ ግን መናኸሪያ ቆመህ ትስቃለህ።»

ውጭ ያለው ሰውዬ ብቻ፣ ምንም ሳይሰማ፣ «አንድ፣ ሁለት» ይላል። መርፌ አባቷን ለማየት ፈራች። ዓይኗን እጇ ላይ ተከለች፤ ሰው ሲጨንቀው የለመደውን ሥራ ነው የሚይዘው። ቁልፉን ልፍታ አለች። የፎቶውን አይታ ልትገለብጠው ቀና አለች፣ ወደ ኮቱ አጎነበሰች፣ እንደገና ቀና አለች። ጣቷ እምቢ አላት። ሠላሳ ዓመት የወንድ ኮት የሰፋ ጣት ነው፤ ግራው በቀኙ ላይ ይደረባል፣ ቁልፉ በቀኝ ይሰፋል። በተቃራኒው የሚቆለፈው የሴት ነው።

አምስቱንም አየቻቸው። ሾፌሩ የሴት ኮት ለብሷል። ጸሐፊው የሴት ኮት ለብሷል። ሠርጉን ጥሎ የጠፋውም። ያ ፋብሪካ እብድ ልብስ ሰፊ ካልነበረው በቀር... ደግሞ ትከሻው! ዝቅ ያለው በግራ...

«ተገልብጧል!» ብላ ተነሳች። አነሳሷ ኃይለኛ ስለነበር አሻንጉሊቷ ወደቀች። «ፎቶው ተገልብጧል! ግራው ቀኝ ሆኗል! የወንድ ኮት በዚህ በኩል አይቆለፍም! እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ቁልፉን እዩት! አንቺ ልጅ፣ ትናንት ስፌት ያስተማርሽኝ፣ ፊልሙን በየት በኩል ነው ያሳተምሽው?»

ልጅቷ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «ፊልም እኮ... በሁለቱም በኩል ይታተማል...»

«መስታወት!» አለች መርፌ። ከጠረጴዛው ላይ የፀጉር አስተካካዩን የድሮ መስታወት መነተፈች።

«ቁጥር ሃያ ሁለት አይነካም!» ብሎ ዘበኛው ከበር ጮኸ፤ የሰማው የለም።

ጀርባዋን ለፎቶው ሰጥታ መስታወቱን ከፊቷ አነሳች። ሰዉ በግራ ቀኟ ተደራርቦ አንገቱን አሰገገ። በመስታወቱ ውስጥ አምስቱ ወንዶች ኮታቸውን እንደ ወንድ ቆልፈዋል። የአራተኛው ሰውዬ ቀኝ ትከሻ ዝቅ ብሏል። ከላያቸው ባለው ሰዓትም አጭሩ እጅ ወደ አራት ተጠግቶ፣ ረጅሙ ስምንት ላይ ቆሟል።

«ለአራት ሃያ ጉዳይ!» አለ ጫማ ሰፊው። «ጠዋት ነው!»

«ጠዋት ነው! ተራው ከስድስት ሰዓት ነው!» መርፌ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «በእግሩም ቢሄድ ቀድሞ ይደርሳል! አባቴ በሩ ላይ ነበር!»

ጭብጨባው ጣሪያውን አነቃነቀው። ዳቦ ጋጋሪዋ በሽርጧ ዓይኗን ጠረገች። ኃላፊዋ ይቅርታ፣ ይቅርታ እያለች ለሰውም ለአሻንጉሊትም ትናገራለች። መርፌ ግን መሰላሉን ተደግፋ ቆመች፤ ቁጥር ሃምሳ ስምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጠቀመ።

እማማ ሰማያዊ አላጨበጨቡም። መስታወቱን ከመርፌ እጅ ተቀብለው ራሳቸው አዩ፣ ደግመው አዩ። ከዚያ ከዘራቸውን እያንኳኩ በሰዉ መሀል ወደ መዘውሩ ሄዱ። ሰዉ ጭብጨባውን እያቆመ መንገድ ለቀቀላቸው። ከሽማግሌው ፊት ቆሙ።

«አርባ አንድ ዓመት አማሁህ» አሉ። «በየደጁ፣ በየለቅሶው። ወንድሜን መልሶ የሚሰጠኝ መስሎኝ ነው። ያ ሰዓት ለአራት ሃያ ጉዳይ ካለ፣ እኔ ዋሽቻለሁ። ይቅር በለኝ።»

የመርፌ ዓይን እንባ ሞላ። አባዬ፣ በላቸው፣ ይቅር በላቸው አለች በልቧ።

ሽማግሌው ፎቶውን በሩቁ አየው። ቀጥሎ መዘውሩን አየ፣ ቀጥሎ የገዛ መዳፉን። ልጁን በጨረፍታ አያት፤ ትናንት በመስታወቱ ውስጥ እንዳያት።

«ይቅርታሽን ትንሽ አቆዪው» አላቸው። «የመናኸሪያው ሰዓት እኮ እኔ ጢም ሳላወጣ መሥራት ያቆመ ነው።»